ሙክቱና ስም የሌለው ጃንጥላ

ባልና ሚስት ሆናችሁ፣ ለመዝናናት ብቻ ብላችሁ፣ ከፍኖተ ሰላም ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ በሞቴ አትሞክሩት። እኔ ሞክሬ ያየሁትን ልንገራችሁና እናንተ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተዝናኑ።

በእኛ አገር ሰው ቦርሳ አንጠልጥሎ ከቤቱ የሚወጣው ሰው ሲሞትበት፣ ሲታመም፣ ሲከሰስ ወይም ዘመድ ሲድር ነው። ከእነዚህ ውጭ ቦርሳ የያዘ ሰው ወይ ኮብልሏል ወይ አእምሮው ተነክቷል። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የጋብቻችንን ዐሥረኛ ዓመት ምክንያት አድርጌ፣ ሚስቴን ጣና ላይ ካለች አንዲት ደሴት ወስጄ ላናፍሳት የተነሣሁት። ሐሳቡም የእኔ አይደለም። ትምህርት ቤታችን አዲስ የተመደበው የእንግሊዝኛ መምህር «ቲቸር፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድ አኒቨርሰሪ ሳታከብር? ኧረ ሼም ነው!» አለኝ። ልጁ ሚስት የለውም። ሚስት የሌለው ሰው ስለ ትዳር የሚሰጠው ምክር ሁልጊዜ ያምራል።

ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ በዚህ ጉዳይ የዋሸሁት ይበቃኛል። ደሴቷን የፈለግኋት ለሌላ ነገር ነበር።

ሚስቴ እናትነሽ ትባላለች። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ እኔ የለሁበትም። ዐሥር ዓመት ሙሉ ልጅ አልወለድንም። ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ወርደን ሁለታችንም ተመረመርን። ውጤቱን የተቀበልሁት እኔ ብቻዬን ነኝ፤ እሷ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ወረቀቱ ባጭሩ እሷ ምንም የለባትም፣ ችግሩ አንተ ዘንድ ነው ይላል። ደረጃውን ወርጄ «ሁለታችንም ደህና ነን አሉ፤ ጊዜው አልደረሰም ነው» አልኋት። ወረቀቱን ኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትሁት፤ እዚያው ከረመ።

እኔ እንግዲህ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ መራባት የሚያወራው ምዕራፍ በደረሰ ቁጥር ድምፄ ይዘጋና ተማሪዎቹን «ራሳችሁ አንብቡት» እላቸዋለሁ። ወረቀቱን አልፎ አልፎ ሰው ሳያየኝ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ምናልባት የተለወጠ ነገር ቢኖር ብዬ። አንድ ጊዜ እንዲያውም እጥፋቱ ሁሉ ጠፍቶ ቀጥ ብሎ አገኘሁትና፣ ወረቀትም ኪስ ውስጥ ሲቆይ ይስተካከላል ማለት ነው ብዬ ተገረምሁ። የሳይንስ መምህር ነኝ ብያችኋለሁ።

እኔ ዝም ስል ታዲያ ነገሩን ሁሉ የተሸከመችው እሷ ነች። ሰፈሩ ሆዷን በዓይኑ ይለካል። ቡሬ ያሉት እናቴ ደግሞ በቃል። እናቴ በቀጥታ ተናግረው አያውቁም፤ ነገር የሚያቀብሉት በሰምና ወርቅ ነው። ባለፈው ፋሲካ እናትነሽ ዶሮ ወጡን አቅርባ እጃቸውን ስታስታጥባቸው «ዘንድሮ ያገሩ ላም ሁሉ ወለደች፤ አንዲቱ ብቻ ሣሩን ትፈጃለች» አሉ። እናትነሽ ውኃውን ማፍሰሷን አላቋረጠችም። እኔ ዓይኔን እንቁላሉ ላይ ተክዬ ዝም አልሁ። አፈር ልብላ፣ እንቁላሉንም በላሁት።

ዕቅዴ እንግዲህ ይኸው ነው። ወረቀቱን ይዤ፣ የሚያውቀን ሰው በሌለበት፣ ዙሪያው ውኃ በሆነ ቦታ ቁጭ አድርጌ እነግራታለሁ። ዙሪያው ውኃ ከሆነ መሸሽ አልችልም፤ መዋኘት አላውቅምና።

ሴት የማይገባበት ደሴት ወስዶ ከደጅ አስመለሳት ልትሉኝ ከሆነ ተዉት፤ እሱንስ አጣርቻለሁ። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ዚፑን ያሠራሁትን ቦርሳ ይዤ ስመለስ፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ከደጃቸው ላይ ጤፍ ሲያበጥሩ አዩኝ። ሰፌዱን ጣል አደረጉት።

«ኧረ ምነው መምህር! ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተ እትዬ።»

«የታመመ አለ?»

«እግዜር ይመስገን፣ የለም።»

«እንግዲያ ቦርሳው?»

ምን ልበላቸው? ሚስቴን ላዝናናት ነው ልበል? በእኚህ ሴት ፊት? ቅዳሜ ገበያ ላይ «መምህሩ አበደ» መባሌ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ወረወርሁት።

«ስለት አለብን እትዬ። ጣና፣ ደሴቱ ላይ ካለው ገዳም ነው የምንሄደው።»

እትዬ ዘነቡ እዚያው እልል አሉ። እኔም በብልጠቴ ረክቼ ቤቴ ገባሁ።

ለካ መንገዱ ስንት ወር ተዘግቶ ከርሞ ገና መከፈቱ ነው። አገሩ ሁሉ ደግሞ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ተስሏል። ልጁ በሰላም እንዲገባ የተሳለ፣ በሬው እንዲነሣለት የተሳለ፣ በምጥ ላይ ሆና የተሳለች፤ ሁሉም ደርሶለት፣ የሚያደርስለት መንገደኛ አጥቶ ቁጭ ብሏል። ገዳም የሚሄድ ሰው ደግሞ የሰው ስለት አልወስድም አይልም፤ እንዲህ ያለ ነውር እኛ ዘንድ የለም። ዓርብ ከሰዓት ቤታችን በር ላይ ሰልፍ ሆነ። ጧፍ በእቅፍ በእቅፍ፣ ዘቢብ በቆርቆሮ፣ አንድ የመቅደስ መጋረጃ፣ የክርስትና ስምና ልመና የተጻፈባቸው የታጠፉ ወረቀቶች። በመጨረሻ አያ ሞላ፣ ከታችኛው መንደር፣ በገመድ የሚጎተት በግ ይዘው ከች አሉ።

«በሬዬ ሞቶ ነበር የተነሣው» አሉኝ። «ይህን ሙክት ለገዳሙ ብያለሁ። አደራ መምህር፣ ከራስዎ ጋር እኩል ይዩት።»

ሙክት መሆኑን ስሰማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወንድምነት ተሰማኝ።

እናትነሽ ጧፉን ስትቀበል፣ ስትደረድር ቆየች። ሰው ሲቀንስ በሩን ዘግታ ዞረች።

«የማን ስለት ነው ያለብን?»

«አፌ አምልጦኝ ነው። አኒቨርሰሪ ነው ብላቸው ማን ይገባዋል?»

«ስለት በከንቱ አይጠራም» አለች። «ውሸት የምትቀመጥበት ቦታ አጥተህ ነው አሁን ከታቦቱ ስም ላይ የወጣኸው?» እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ቀጥላ ከአልጋው ሥር ረዘም ያለ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ከጓዙ ጋር አቆመችው። ከፋይ የለበሰ፣ ዙሪያውን በወርቅማ ክር የተጠለፈ የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነው። የሰው ሁሉ ስለት ላይ ስም ተለጥፎበታል፤ እሱ ላይ የለም።

«ይህስ የማን ነው?»

«ስሜ አይጠራ ያለ ሰው ነው።»

ቅዳሜ ጧት ሚኒባስ ላይ ተጫንን። ተሳፈርን ማለት ያሳፍረኛል። ሙክቱ ከኋላ ወንበር እግሬ ሥር ተኝቶ ጫማዬን ትራስ አደረገ። መጋረጃው ጭኔ ላይ፣ ጧፉ ጭንቅላቴ ላይ፤ እናትነሽ ጃንጥላውን ታቅፋ መስኮቱ ዘንድ። ረዳቱ «ጋሼ፣ የገዳሙ መጋቢ ኖት?» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለኝ።

ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ ቡሬን ማለፍ ግድ ነው። ስልክ ደግሞ ከሚኒባስ ይቀድማል። እትዬ ዘነቡ ደውለውላቸው ኖሮ፣ መናኸሪያው ስንደርስ እናቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመው ጠበቁን። በመስኮቱ የታጠፈ ወረቀት አቀበሉኝ።

«እኔ ተናግሬ ዲያቆኑ ነው የጻፈልኝ። ለቄሱ በእጃቸው ስጥልኝ።»

«እሺ እማዬ።»

እዚህ ላይ ቢበቃቸው ምን ነበረበት? ግን እናቴ ሰው ሲሰበሰብ ዝም ማለት አይሆንላቸውም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለሚኒባሱ ሁሉ እንዲሰማ፦

«ዘሩንማ እኔ አውቀዋለሁ! የአባቱ ዘር ነው፤ ሰባት አብቅሏል። መሬቱን እንግዲህ እሱ ይፍታው እንጂ!»

ከፊት ወንበር የነበሩ አንድ ጎልማሳ ጭናቸውን መቱ። «ቅኔ ነው! ኧረ እኚህ እናት ቅኔ ተቀኙ!» አሉ። ሌላውም ሳቀ። የሚሰደበውን አላወቁትማ፤ ያጨበጨቡት ለአነጋገሩ ነው። የምትሰደበዋ አጠገቤ ተቀምጣለች። እጄ ኮቴ ውስጥ ገባ። ወረቀቱን ያዝሁት፤ እምላችሁ፣ ያዝሁት። አፌም ተከፈተ። እናትነሽ ጃንጥላውን ጭምቅ አድርጋ ስትይዘው በጎን አየሁ። ረዳቱ ሰው እስኪጭን መኪናው ቆሟል፤ ጊዜ አጠረኝ እንዳልል ጊዜ ሞልቷል።

«እሺ እማዬ» አልሁ።

መኪናው ተነሣ። እናትነሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እስከ ዳንግላ ድረስ አልመለሰችውም። እኔ ራሴን ረገምሁ። ሙክቱ ጫማዬ ላይ ሸናብኝ፤ ተገቢ ነው ብዬ ተውሁት።

ባሕር ዳር ያለው ሆቴል አኒቨርሰሪ መሆኑን በስልክ ነግሬያቸው ስለነበር አልጋው ላይ አበባ በትነው፣ ሁለት ብርጭቆ ደርድረው ጠበቁን። ዘበኛው ግን ሙክቱን ሲያይ እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ክፍሉ ለሁለት ሰው ነው።»

«ይህ እኮ የገዳም ነው።»

«እሱማ ከእኔም ከርስዎም ይሻላል፤ ግን አልጋ የለውም።» ስንለማመጥ ቆይተን ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ጋር አሰርነው። ገመዱ የት ድረስ እንደሚደርስ ልለካ ይገባኝ ነበር። የሆቴሉን ጽጌረዳ ከነቅጠሉ ጨርሶ ተገኘ። በዚያ አኒቨርሰሪ አበባ የጣመው እሱ ብቻ ነው። እኔ ሥራ አስኪያጁን ይቅርታ ስጠይቅ ከሰዓቱ አለቀ፤ ክፍል ስመለስ እናትነሽ የተበተነውን አበባ ለቅማ ሰሐን ላይ አድርጋው፣ ግድግዳውን ዞራ ተኝታለች። ነገ ደሴቱ ላይ እነግራታለሁ አልሁ።

እሑድ ጧት ጀልባ ተኮናትረን ገባን። መሐል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ፤ ጀልባዋ መወዛወዝ ጀመረች። አሁን ልንገራት ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ሙክቱ ብድግ ብሎ የፊት እግሩን ጠርዙ ላይ ሰቀለ። ጀልባ ነጂው ጮኸ። «ጋሼ፣ ያዙት! እሱ ከገባ እኛም ገባን!» ዘልዬ ተነሣሁ፤ ኮቴን አውልቄ «ያዥልኝ» ብዬ ለእናትነሽ ወረወርሁላትና በጉን አንገቱን አንቄ ወለል ላይ ተኛሁበት።

ተኝቼበት ሳለ ነው ትዝ ያለኝ። ወረቀቱ! ሁለት ዓመት የደበቅሁትን ወረቀት በገዛ እጄ አስረከብኋት። ቀና ብዬ አየሁ። ኮቱን በሥርዓት አጥፋ፣ የውስጥ ኪሱን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። እጇን አልከተተችም። አላወቀችም፣ ተመስገን አልሁ። ደደብ ለመሆን መማር አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ እኔን ይይ፤ ዲግሪ አለኝ።

ደሴቱ ላይ ቄሰ ገበዙ፣ ሽበታቸው ደረታቸው ላይ የወረደ አባት፣ ከዋርካው ሥር ተቀበሉን። ቅዳሴ ወጥቶ ምእመናኑ ገና አልተበተነም። የሰዉን ስለት አንድ በአንድ አስረከብን። ሙክቱን ለገዳሙ ሥራ ይሸጣል ብለው ለአንድ ሰው ሰጡት፤ ዞሮም አላየኝ። ቀጥለው ወረቀቶቹን ተቀብለው በሕዝቡ ፊት የክርስትና ስሙንና ልመናውን እያነበቡ «አሜን በሉ» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ጮክ ብሎ እንደሚነበብ ማን ነገረኝ! የእናቴ ወረቀት አራተኛ ነበር።

«የምራቴን የወለተ ማርያምን ማኅፀን ፍታልኝ። የማይሆን ከሆነም ልጄን ሌላ ቤት አሳየው፤ ዘሩ እንዳይጠፋ።» ቄሱ ራሳቸው መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ሕዝቡ «አሜን» አለ።

ወለተ ማርያም አጠገቤ ቆማለች። አሜን አላለችም፤ አላለቀሰችም። እኔስ? እኔ መሬት መሬት አየሁ። ብዙ ሰው ስለነበረ ነው አልሁ በሆዴ። ሰው ሲበተን እነግራታለሁ አልሁ።

«ይህስ ጃንጥላ?» አሉ ቄሱ እጃቸውን ዘርግተው።

እናትነሽ ወደ ደረቷ ሳበችው። «እሱ ይቆይ አባቴ። ገና አልደረሰም።»

«ያልደረሰ ስለት አይሰጥም፤ ደግ አደረግሽ ልጄ» አሉና ባረኳት።

ስንመለስ ጀልባዋ ቀልሏት ትበራለች። ከዚያ ሁሉ ጓዝ የቀረን ያ ጃንጥላ ብቻ ነው። ኮቴን ለብሻለሁ። እጄን ከተትሁና ወረቀቱን አወጣሁ።

«እናትነሽ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር…»

«ወረቀቱ ነው?» አለች፣ ዓይኗን ከውኃው ሳታነሣ።

ወረቀቱን መልሼ ልከተው ስል ቀጠለች።

«አምና ክረምት ኮትህን ሳጥብ አገኘሁት። ርሶ ነበር። አድርቄ፣ በካውያ ተኩሼ መለስሁልህ።»

በኪስ ውስጥ የተስተካከለው ወረቀት! «ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ ለምን ዝም አልህ?»

ጃንጥላውን አየሁ። «የአንቺ ስለት ነው? እንድነግርሽ የተሳልሽው?»

«እኔ ምኑ ይነገረኛል? አንብቤዋለሁ እኮ!» ያኔ ነው ዞራ ያየችኝ። «ልጅ ባለመውለዴ እኮ አይደለም የተቃጠልሁት። አንተ ወልደህ ባትስምም አንተው ትበቃኛለህ ብዬ ነበር። እናትህ ሲወጉኝ አንተ እያወቅህ እንቁላልህን ስትበላ ነው የተቃጠልሁት። የተሳልሁት ለእናትህ እንድትነግር ነው። ቅዳሜ ቡሬ ላይ እጅህን ኪስህ ስትከት ደረሰልኝ ብዬ ልቤ ሊወጣ ነበር። መኪናው ቆሟል፣ እሳቸው ቆመዋል። ከዚያ እሺ እማዬ አልህ።»

ከዚያ በኋላ ፍኖተ ሰላም እስክንደርስ አላነጋግርህም አለች። ቃሏንም እስከ ቡሬ ጠበቀች።

ሰኞ በሚኒባስ ተመለስን። አበባ ብትሉ፣ ሰላም ብትሉ፣ ምንም ይዘን አልተመለስንም፤ ጃንጥላውን ብቻ። ቡሬ ስንደርስ እናቴ እዚያው ቦታ ቆመዋል። ወደ መስኮቱ ቀረቡና ጃንጥላውን አዩ።

«ምነው ይህ ተመለሰ? አልቀበል አሉ እንዴ?»

እናትነሽ ፊት ለፊቷን ታያለች። ረዳቱ በሩን ጎተተና «ሳበው!» አለ። መኪናው መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ወራጅ አለ!» አልሁ።

ልብ በሉ፣ የከፈልሁት እስከ ፍኖተ ሰላም ነው። ረዳቱ እየተነጫነጨ ከፈተልኝ። ቦርሳዬን ይዤ ወረድሁና ወረቀቱን ለእናቴ ዘረጋሁላቸው።

«ምንድን ነው?»

«የሐኪም ወረቀት ነው እማዬ። ያንብቡት።»

«እኔ መች ፊደል ቆጥሬ! ምን ይላል?»

ማንበብ እንደማይችሉ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ወረቀቱ ራሱ እንዲናገርልኝ ስመኝ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አውጥቷል።

«መሬቱ ደህና ነው ይላል» አልሁ። ድምፄ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼው አላውቅም። «ችግሩ ዘሩ ነው። እኔ ነኝ እማዬ። ሁለት ዓመት አውቄ ዝም አልሁ፤ እርስዎ እሷን ሲወጉ አውቄ ዝም አልሁ።»

በዚህኛው ቅኔ ነው ያለ ሰው አልነበረም።

እናቴ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። የመኪናው በር እንደገና ተከፈተ። እናትነሽ ጃንጥላውን ይዛ ወረደች፤ በእኔና በእናቴ መካከል አልፋ አስፋልቱን ተሻገረችና ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መኪና ከሚቆምበት ቆመች።

«ወዴት ነው እናትነሽ?»

«ስለት አለብኝ።»

«አብሬሽ ልምጣ?»

«አንተ እዚያ ቁም። ከእሳቸው ጋር።»

መኪና መጣና ይዟት ሄደ። ጃንጥላው በኋላው መስታወት ትንሽ ታየኝና ጠፋ። ከእናቴ ጋር መናኸሪያው ላይ ቆመን ቀረን። እናቴ ወረቀቱን ሳይሆን እኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«ያቺን የእኔን ወረቀት፣ ቄሱ አነበቧት?»

«አነበቧት እማዬ። በሰው ፊት።»

«እሷ ቆማ?»

«ቆማ።»

እናቴ እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ። ቤት እንግባ ብላቸው እጄን ገፉኝ። «አንተ ሂድ» አሉ። «እኔ እስክትመለስ እዚሁ እጠብቃታለሁ።»

ቦርሳዬን አጠገባቸው አስቀመጥሁና እኔም ተቀመጥሁ። ያቺ እትዬ ዘነቡ «ማን ሞተባችሁ?» ያሉባት ቦርሳ ነች። የሚያልፈው ሰው ሁሉ እያየን ቆም ይልና፣ ነፍስ ይማር ብሎን ያልፋል።